«ብቃት የላትም»

ጥር 14፣ ሐሙስ። ደባርቅ። ከቀኑ 7 ሰዓት

ጠመኔው አልቋል። በስባሪው ጻፍኩ። ሦስተኛ ቀን፣ ያው ትምህርት፣ ያው ሰባት መስመር። ሰባቱ የመሪ ባሕርያት። ዛሬ አራተኛውን አስረዳሁ፤ ቆራጥነት። እኔ! የዳባት መምህር፣ ለርእሰ መምህሩ እንኳ ቀና ብዬ መልሼ የማላውቅ ሰው፣ ስለ ቆራጥነት አርባ ደቂቃ ለፈለፍኩ። የራሴ ድምፅ ቀፈፈኝ።

ደብተሬ፣ ይህን ለሌላ ሰው መናገር አይቻልም፤ ላንተ ልንገርህ። አምና ጎንደር ስድስት ወር የአመራር ሥልጠና ወሰድኩ። ስለወሰድኩ አሁን አሠልጣኝ ነኝ። ሠልጣኞቼ ከየቀበሌው የተለቀሙ የገበሬ ማኅበር ሊቃነ መናብርት ናቸው። ሁሉም ገበሬ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ይቀመጣሉ። የጀመርነው ቃና ዘገሊላ ዕለት ነው፣ ሆን ተብሎ። የከበሮው ድምፅ በመስኮት ይገባ ነበር። አንገታቸውን ወደዚያ ሲያዞሩ ወደ ሰሌዳው መለስኳቸው።

የበላዬ ጓድ ሰይፉ ነው፣ ካድሬ። ዕድሜው ከእኔ ያንሳል። መሪ አይወለድም፣ ይሠራል ይላል፣ እንደ ጡብ። በቀን አሥር ጊዜ ይለዋል። ሲል ጣቱን ያነሣል፣ ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ከሠልጣኞቹ መካከል ማለደ የሚባል አለ፣ የወይራ ምንጭ ሊቀ መንበር። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ሰባቱንም በሁለት ቀን ሸመደደ። ዛሬ ተነሥቶ ሲያነበንብ ጣቱን አነሣ። ጉሮሮውንም ጠረገ። የጓ/ሰይፉ ጉሮሮ ቁርጥ! ጓ/ሰይፉ ደስ ብሎት አጨበጨበ። እኛም አጨበጨብን።

ከዚያው ቀበሌ የሴቶች ማኅበር ተወካይ ሆና የመጣች አንዲት ሴት አለች፣ ወ/ሮ ታንጉት። ባሏ ሞቷል። ፊደል አልቆጠረችም። ጓ/ሰይፉ አስነሣትና መሪ ማለት ምን ማለት ነው አላት። ነጠላዋን አጣፋች። አንዳንዱ ማጉረምረም ሲጀምር፦

«እኔ እንጃ። ሰው ክፉ ቀን ሲመጣበት ሮጦ የሚሄደው ወደ ማን ደጅ ነው? እሱ ይመስለኛል።»

ጓ/ሰይፉ ሳቀ። ሠልጣኞቹ የሱን ፊት አይተው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ጥርሴ ብቻ ሳቀ።

ጥር 17፣ እሑድ። ዳባት

ትናንት በኤንትሬ ጭነት መኪና መጣሁ፣ ገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ፊቴ በአቧራ ዱቄት መስሏል። ነገ መመለስ አለ።

አባቴ ምን እያስተማርክ ነው አለኝ። ነገርኩት። ከጓ/ሰይፉ የባሰ ሳቀ። አመራር እንደ ፊደል ይቆጠራል እንዴ አለ። ሹመት በአጥንት ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል። አያቴ ሲያልፍ ሰው እንዴት መንገድ ይለቅ እንደነበር እንደገና አወራ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። መሬቱ ከተወረሰ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አባቴ ግን ዛሬም በደጁ የሚያልፈውን ሰው ከመቀመጫው ሳይነሣ ነው የሚቀበለው።

ስለ ማለደ ነገርኩት። የማን ልጅ ነው አለ፤ ነገርኩት። ዓይኑ በራ። የጭቃ ሹሙ የልጅ ልጅ ነው እንጂ! ደሙ ነው የሚያናግረው አለ። ስለ ታንጉትም አነሣሁ። የማን ልጅ ናት? የሸማኔ ልጅ ናት መሰለኝ አልኩ። አፉን አጣመመ፣ ነገሩ በዚያው አለቀ።

እንግዲህ ይኸውልህ ደብተሬ። ሁለቱ በዓይን ቢተያዩ የማይዋደዱ ሰዎች፣ ካድሬው እና አባቴ፣ አንድ ሰው መረጡ። አንዱ በወረቀት፣ አንዱ በደም። ማለደ ጎረቤቱ ሲታመም ምን ያደርጋል፣ በሬ ሲሞትበት ምን ያደርጋል፣ ብሎ የጠየቀ የለም። እኔስ? ጠየቅሁ? እዚያ ለጓ/ሰይፉ አንገቴን ነቀነቅሁ፤ እዚህ ለአባቴ ነቀነቅሁ። ለነገሩ ጥሩ አንገት አለኝ።

ጥር 22፣ ዓርብ። ደባርቅ

ፈተና ትናንት፣ ምስክር ወረቀት ዛሬ። ያረምኩት እኔ ነኝ። ማለደ አንደኛ። አንድ ቃል አልሳተም፣ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር።

ታንጉት በቃል ተጠየቀች። ሰባቱን አልቆጠረችም። በሦስተኛው ላይ ቆማ ይህን የጻፈው ሰው ቤተሰብ አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ጓ/ሰይፉ መዝገቡን ወደኔ ገፋና በስሟ አንጻር «ብቃት የላትም» ብለህ ጻፍ አለኝ። ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል፣ ሁልጊዜ የምመሰገንበት ነው። ያንን የመሰለ «ብ» በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም።

ከዚያ ግብዣ። በግ ታርዷል። ዓርብ ቀን! ገበሬዎቹ ትሪውን አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ጓ/ሰይፉ በፈገግታ ይመለከታል፤ ገባኝ፣ ይኼም ፈተና ነው። መጀመሪያ የቆረሰው ማለደ ነው። ሁለተኛው እኔ። ጮማው ምላሴ ላይ ረጋ። ታንጉት ከበሩ አጠገብ ከቋጠሮዋ ሽምብራ እያወጣች ትበላለች፣ ማንንም አትመለከትም።

አፌን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። አሁንም ይገማኛል።

የካቲት 10፣ ማክሰኞ። ወይራ ምንጭ

የ«ክትትል» ሥራ ተሰጠኝ። ከትምህርት ቤት ለሁለት ወር ተነጥቄ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኛለሁ። ጉዳዩ መንደር ምሥረታ ነው። ወይራ ምንጭ ተበትኖ የተቀመጠ መንደር ነው፣ ቤቶቹ ገደሉን ተጠግተው፣ ምንጩ ከሥር። ሁሉም ተነሥቶ ነፋስ ሜዳ በመስመር ይሰፍራል ተብሏል። ነፋስ ሜዳ ስሙ ይበቃዋል። ዛፍ የለም፣ ውኃ የለም። ውኃው ያለው እዚሁ ነው፣ ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ቀን።

ማለደ ካፖርት ለብሷል፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ። ስብሰባውን በፊሽካ ከፈተ። እስከ ዓርብ ክዳን ሁሉ ይነሣ አለ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ።

ታንጉት ተነሣች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፣ ሰው ለመስማት ወደ ፊት ያዘነብላል። አሮጌ ሣር ከክዳን ሲወርድ ይደቃል፣ ተመልሶ አይከድንም፤ አዲስ ሣር ደግሞ የሚታጨደው ጥቅምት ነው። እዚያ ተክለን ሳንጨርስ እዚህ አናፍርስ። ይኸው ነው ያለችው። ሕፃን ይገባዋል።

ማለደ ወደኔ ዞረ። የሥልጠናውን መዝገብ ተቀበለኝና ጮክ ብሎ አነበበ፦ ወ/ሮ ታንጉት፣ ብቃት የላትም። እንዴት ባለ ጥራት አነበበው! እሷ ማለደን አላየችም። እኔን አየችኝ። ቁጣ ቢኖርበት በቀለለኝ። ጽሑፉ የማን እንደሆነ ብቻ ነበር ያወቀችው።

የካቲት 18፣ ረቡዕ። ነፋስ ሜዳ

ጾም ገብቷል። ንፋሱ ከስሜን በኩል ይወርዳል፣ አጥንት ይገባል። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው ተተክለዋል፣ ቀጥ ያሉ። ክዳን ግን የላቸውም። ሣሩ፣ እንዳለችው፣ ደቀቀ። ሰው ቆዳና ጆንያ ወጥሮ ይተኛል። ጓ/ሰይፉ ባለፈው መጥቶ መስመሩን አየና አደነቀ። ቀና ብሎ ጣሪያ አላየም። ወደ አሮጌው መንደር የሚመለስ አድኃሪ ነው ብሎ አስጠንቅቆ ሄደ።

ዛሬ ከሰዓት ማለደ ብቻውን መጣ። ካፖርቱን ተጀቡኖ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ መምህር፣ ቀጥሎ ምን ላድርግ አለኝ። ያስተማሩን ላይ ይኼ የለም አለ። ከሰባቱ በየትኛው ነው ክዳን የሚገኘው? ሲያሾፍ መስሎኝ ቀና አልኩ። አላሾፈም። ዓይኑ ደፍርሷል፣ እንቅልፍ አጥቷል።

ጥሩ አራሽ ነበር አሉኝ። ጥማድ ላነሰው የሚያርስ፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርስ። ክፉ ሰው ፈልጌ ነበር፣ ክፉ ሰው ቢሆን እፎይ እል ነበር። አጥቼ ተመለስኩ። ይህን ሰው ወስደን ጣት ማንሣትና ጉሮሮ መጥረግ አስተማርነው፤ የሚያውቀውን አስረሳነው። ምን መለስኩለት? ከበላይ አካል መመሪያ ጠብቅ። አልኩት! ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ። ዋሻው

ትናንት የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፍ።

9 ሰዓት ገደማ ሰማዩ በደቡብ ጠቆረ። መጀመሪያ ብርድ፣ ከዚያ በረዶ። የዶሮ ዕንቁላል የሚያህል አልልህም፣ ባቄላ ያህላል፣ ግን አያቋርጥም። ቆዳውና ጆንያው በንፋስ ተነሣ። ሕፃናት ይጮኻሉ። ማለደ መሐል ሜዳ ቆሞ ፊሽካ ይነፋል። ማንም ከሜዳው እንዳይወጣ! በየቤታችሁ! የትኛው ቤት? ይነፋል፣ ይነፋል። ፊቱ አመድ መስሏል።

እኔ? መዝገቡን ካፖርቴ ሥር ደብቄ በጀርባዬ ለበረዶው ቆሜያለሁ። ወረቀት እንዳይረጥብ።

ታንጉት አልጮኸችም። የአንዷን አራስ ልጅ አዘለች፣ አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት በእጅዋ ያዘች፣ መራመድ ጀመረች፣ ወደ አሮጌው መንደር በኩል፣ ከሜዳው ብዙም ሳይርቅ ፍየል የሚያድርበት ዋሻ ወዳለበት። ስትሄድ በየሰዉ አጠገብ ለአፍታ ትቆማለች። ለአንዷ እሳቱን በገል ያዢ፣ ለአንዱ በጎቹን ተዋቸውና ልጆቹን አንሣ፣ ለሌላው ከኋላ ሁን የሚወድቅ እንዳይቀር። ለያንዳንዱ የሚችለውን። እኔ ጋ ደረሰች።

«መምህር፣ ወረቀቱን ተውትና ይችን ልጅ ያዙልኝ።»

ጣልኩት። ልጅቱን ያዝኩ። አራት ዓመት ቢሆናት ነው፣ እንደ ቅጠል ትርገፈገፋለች። ሄድን። ዞር ስል ሜዳው በሙሉ እየተከተለን ነው። ተከተሉኝ ያለ ሰው የለም።

ዋሻው አፍ ላይ ቆማ ሰዉን አንድ በአንድ አየች። አያ ቸኮል የሉም። ሰማንያ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፣ መራመድ አይችሉም። ማለደ ያኔ ነው የደረሰው፣ ከሁሉ ኋላ፣ ብቻውን። ሰው ፊት አዞረበት። እሷ ግን ቀረበችው።

«ማለደ፣ አያ ቸኮል ቀርተዋል። እዚህ ካለን ያንተን ያህል ጉልበት ያለው የለም።»

ካፖርቱን አውልቆ ለልጆቹ ወረወረና ተመልሶ ሮጠ። አዝሏቸው መጣ። እንዴት እንዳመጣቸው እግዜር ያውቃል፣ ጉልበቱ ተልጦ ደም በደም። አያ ቸኮል እሳቱ ዳር ትንሽ አነጋገሩን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፉ። ማለደ እግራቸውን በደረቱ ይዞ ነበር። አልቅስም፣ ተነሥም ቢባል አልሰማ አለ።

ዛሬ ጧት ታንጉትን ጠየቅኋት። አፍሬ፣ ግን ጠየቅኋት። ይህን ከማን ተማርሽው? ወይስ ተፈጥሮሽ ነው? ገርሟት አየችኝ። እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር።

«በክፉው ዓመት እህል ሊታደል ነው ተብሎ ወረድን። መዝገብ የያዘው ሰው ቁጭ በሉ፣ ጠብቁ አለን። ቁጭ አልኩ። ሦስት ቀን። በሦስተኛው ልጄን እዚያው ቀበርኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ በሉ ሲሉኝ እግሬ እሺ አይለኝም።»

መዝገብ የያዘው ሰው። ፊቴን ወደ ዋሻው ግድግዳ አዞርኩ።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

ጓ/ሰይፉ በላንድሮቨር መጣ። ጫማው ጭቃ እንዳይነካው ድንጋይ ድንጋዩን ረገጠ። መቃብሩ ጋ አልደረሰም፤ ከሩቁ አየና መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ። የሞት ጉዳይ ስለሆነ ሪፖርት ይፈለጋል አለ።

ለብቻዬ ወሰደኝ። ሪፖርቱ እንዲህ ይሁን አለ፦ አንዲት ብቃት የሌላት ሴት በሕዝቡ መካከል ሽብር ነዝታ፣ ሊቀ መንበሩን ጥሳ ሰዉን በትናለች፤ በዚህ ምክንያት አንድ ሽማግሌ ሞተዋል። ተጠያቂዋ እሷ ናት። መዝገቡ ከሜዳው ተገኝቷል፣ ርሷል ግን ይነበባል። ገልጦ የራሴን መስመር አሳየኝ። አንተ ገና በጥር አይተሃታል፣ አሁን ማረጋገጥ ብቻ ነው አለ። በእጄ ጽሑፍ ሊያሥራት ነው። ደባርቅ ወርዳ ትጠየቃለች አለ። ወርዶ የተጠየቀ ሰው ስንቱ እንደተመለሰ ሁላችንም እናውቃለን።

ለኔም ያሰበው አለ። የዳባቱ ርእሰ መምህር ሊዛወር ነው። አንተ የመሪ ተሰጥኦ አለህ አለኝ። ተሰጥኦ! መሪ አይወለድም ሲል የከረመው ሰውዬ! ልስቅ ነበር፣ ከንፈሬን ነከስኩ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሄደ። ሪፖርቱ እስከ ነገ ማታ ይድረሰኝ፣ ማለደም ይፈርምበት አለ።

ማለደን ነገርኩት። መምህር የጻፉትን እፈርማለሁ አለ። ዓይኔን ሳያይ።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ። ከጧቱ 1 ሰዓት

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ የተባልኩትን ጻፍኩ። ልሞክረው ብዬ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ደብተሬ፣ ያጸየፈኝ ውሸቱ አይደለም፣ ማማሩ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንደ ቅቤ ይፈሳል፣ አንድ ስርዝ የለበትም። አንብቤው ከዋሻው ወጣሁና ድንጋይ ሥር ሆዴ እስኪገለበጥ አስመለስኩ። የጾም ሆድ ነው፣ ውኃ ብቻ ወጣ።

ከጧቱ 3 ሰዓት

ሁለተኛው ሪፖርት አምስት ጊዜ ተሰረዘ። አጭር ነው። ክዳኑ ለምን እንደፈረሰ፤ ታንጉት በየካቲት ስብሰባ ምን እንዳለች፤ በረዶው ሲጥል ማን ምን እንዳደረገ። እኔ ምን እንዳደረግሁም አለበት። በስሟ አንጻር የተጻፈው ሐሰት እንደሆነ፣ የጻፍኩትም እኔ እንደሆንኩ፣ ታዝዤ፣ እያወቅሁ።

ለማለደ አነበብኩለት። ጎንበስ ብሎ ሰማ። ስጨርስ እንደገና አንብብልኝ አለ። አነበብኩ። ከዚያ፦

«አንድ ይጨምሩበት። ከሜዳው እንዳይወጡ የከለከልኩ እኔ ነኝ። አያ ቸኮልን ትቼ የሄድኩም እኔ ነኝ።»

ተመልሰህ አምጥተሃቸዋል አልኩት። እሱን አይጻፉት አለ። ጻፍኩት። ተጨቃጨቅን። ሁለቱም ተጻፈ። ፈረመ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ምላሱን ነክሶ።

ከቀኑ 5 ሰዓት

ለታንጉት ነገርናት። እኅቷ አምቢኮ አለች፤ ወሬው እስኪበርድ ወደዚያ ተሻገሪ አልናት። እነዚህን ሕፃናት ለማን ጥዬ አለች። ተከራከርናት፣ ዱቄቱን ማቡካቷን አላቆመችም። አትሄድም።

ሪፖርቱን ጓ/ሰይፉ መጥቶ አይወስደውም። እኛ ይዘን እንወርዳለን፣ እኔና ማለደ፣ በእግር። አንዱን ግልባጭ ለሱ፣ አንዱን ለአስተዳዳሪው፣ በሰው ፊት። ምን እንደሚያደርጉን አላውቅም። ዳባት የመመለሴን ነገርም አላውቅም። አባቴ ሲሰማ ምን ይል ይሆን። ከልጅነቴ ጀምሮ የፈራሁት ነገር ሁሉ አንድ ላይ መጥቶብኛል። ቢሆንም ጧት የነበረው ማቅለሽለሽ ቀለል ብሎኛል፣ ፍርሃት ብቻ ነው የቀረው። ፍርሃት ይሻላል።

አንተን ይዤህ አልሄድም። ቢፈትሹኝ ያገኙሃል። ታንጉት ጋ ትቆያለህ። ምን ተጽፎበታል አለችኝ። ጉዴ አልኳት። ጎታው ሥር አደርገዋለሁ፣ አይጥ እንዳይበላው በቆዳ ጠቅልለው ስጡኝ አለች። ቆዳውን ሰጠችኝ። እየጠበቀች ነው።

ማለደ ከውጭ ይጠራኛል። መንገድ ላይ እነግረዋለሁ፤ ደባርቅ ስንገባ መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ። እሱ ሦስት ልጆች አሉት። ወረቀቱን እኔ ነኝ የምሰጠው፣ ከፊት የምቆመውም እኔ፣ እሱ አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት ጓ/ሰይፉን «ያንን ‹ብቃት የላትም› የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሰት ነው» እላለሁ።